የሲዳብ ዓሣ አይሸትም

እንዴት ናችሁ?

ደህና ነን እንዳላችሁ ልቁጠረውና ልቀጥል። ሌላ መልስ አልጠብቅም። የእኛ ሰው እግሩ ተሰብሮ በወሳንሳ ተሸክመውት እየሄዱ «እንዴት ነህ?» ቢሉት መጀመሪያ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው የሚለው። የእግሩ ነገር የሚመጣው በኋላ ነው፤ እሱም ጠያቂው ካልቸኮለ። እኔም ብትጠይቁኝ ደህና ነኝ። ወደ ነገሬ ልግባ። መጻፍ ብዙ አልለመድኩም፤ ትምህርቴን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። እዚህም እዚያም ብቆም ታገሡኝ።

ታላቅ እህቴ እቴነሽ ትባላለች። «ትባል ነበር» ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እጄ እሺ አላለኝም። ኦማን፣ ሙስካት ያመጣችኝ እሷ ናት። ሩዊ በሚባለው ሰፈር፣ ከልብስ ሰፊዎቹ ሱቅ በላይ፣ በመጋረጃ የተከፈለች አንድ ክፍል ነበረችን። በመጋረጃው በዚያ በኩል የእሷ አልጋ፣ በዚህ በኩል የእኔ። እሷ የሴቶች ፀጉር ቤት ትሠራለች፤ እኔ ሆቴል ውስጥ ሳህን አጥባለሁ። ኮሮና መጣና ፀጉር ቤቱም ሆቴሉም በአንድ ሰሞን ተዘጉ። አለቃዬ «ኻላስ፣ በቃ፣ ስንከፍት እንደውላለን» አለኝ። እኔም አምኜው ስልኬን ሽንት ቤት ሳይቀር ይዤ እዞር ነበር።

በዚያ ሰሞን እቴነሽ አንድ የሕክምና ጥናት ውስጥ ገባች። ነገሩ እንዲህ ነው። በሽታውን ይከላከል እንደሆነ ገና ያልታወቀ አንድ ክኒን አለ። ለግማሹ ሰው እውነተኛው ክኒን ይሰጠዋል፤ ለግማሹ ደግሞ መልኩ ያው የሆነ፣ ውስጡ ግን ምንም መድኃኒት የሌለበት። ማን የትኛውን እንደወሰደ ሰጪውም ተቀባዩም አያውቁም። የእኛ ሴቶች ባዶውን ክኒን «ማፊ» አሉት፤ በዓረብኛ «የለም» እንደማለት ነው። እቴነሽ ክኒኗን ስትውጥ «የኔ እንኳ ማፊ ነው፤ ዕድሌን አውቀዋለሁ» ትልና ውኃዋን ትጠጣለች። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ከቢሮው ይደወላል፤ ትኩሳት አለ ወይ፣ ሳል አለ ወይ፣ እንዴት ነሽ ይባላል።

የምትደውለው ሲስተር ቢንዱ የምትባል፣ ሕንድ አገር የኬራላ ሰው የሆነች ነርስ ነበረች። ስልኩ ሲጠራ እቴነሽ ከተኛችበት ቀና ትላለች። ሻሿን ታስተካክላለች። ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። ልክ እንግዳ በር ላይ እንደቆመ ነው።

«ሃው አር ዩ ቱዴይ?»

«ፋይን፣ ታንክ ጋድ። ዩ ፋይን? ፋሚሊ ፋይን?»

ሲስተር ቢንዱ የሚደወልላቸው ሌሎች ብዙ ሰዎች አሏት። «ጉድ፣ ጉድ» ብላ ትዘጋለች። እቴነሽም ሻሿን ፈታ ትተኛለች። መታመም ከጀመረች በኋላም እንዲሁ ነበር። እኔ በመጋረጃው በዚህ በኩል ሆኜ እሰማለሁ። ዋሸች ብዬ አላሰብኩም፤ ለሚጠይቅ ሰው ሌላ ምን ይባላል? ሆስፒታል ሊወስዳት የመጣው ሰውዬ ደረጃውን ደግፎ ሲያወርዳት፣ ለእሱም «ደህና ነኝ» ብላዋለች።

ስለ ቀብሯ ብዙ አልጽፍም። ጥቂት ሰዎች ነበርን፤ ራቅ ራቅ ብለን ቆምን። ልቅሶ የሚደርስ አልነበረም፤ ሁሉም በስልክ ነው ያለቀሰው። አገር ቤት ለእናቴ ጎረቤቶች በማለዳ ሄደው አረዷት። ወዲያው ደወለችልኝ።

«ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ እማ። አንቺስ?»

«ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

ከዚያ ካርዱ እስኪያልቅ ሁለታችንም ዝም አልን።

ከቀናት በኋላ የተረፈውን የክኒን ብልቃጥ ልመልስ ወደ ጥናቱ ቢሮ ሄድኩ። መልስ ያለኝ የለም። የሰው ዕቃ ነው ብዬ ነው፤ ደግሞም ሆቴሉ ስላልደወለ ሌላ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም። ሲስተር ቢንዱ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ከመስታወት ጀርባ ተቀምጣለች። ብልቃጡን ስታይ ማን እንደሆንኩ ገባት።

«ፋይን ብላኝ ነበር» አለችኝ። «እስከ መጨረሻው ቀን ፋይን ነው ያለችኝ።»

በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ሲስተር፣ በእኛ ዘንድ ፋይን መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ከጭምብሉ በላይ ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው። ከዚያ ምን ምን ቋንቋ እንደምችል ጠየቀችኝ። አማርኛ በደንብ፣ እንግሊዝኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል፣ ዓረብኛ እስከ ሆቴሉ ወጥ ቤት ድረስ ብዬ መለስኩ። የኢትዮጵያ ሴቶች ስልክ ማንሣት እያቆሙባት ነበር፤ ሰዎቹ ከጠፉ ደግሞ ክኒኑ ይሥራ አይሥራ የሚታወቅበት መንገድ የለም። «ነገ ጧት ና» አለችኝ። እንዲህ ሆኖ እህቴን አጥቼ ሲስተር አገኘሁ። ይህን ቀልድ የነገርኩት ለራሴ ብቻ ነው። አላሳቀኝም።

ሥራዬ መደወል ሆነ። የምናገረውን በአማርኛ ጽፈው ሰጡኝ፤ ኮምፒውተር ነው የተረጎመው። የተሳታፊዎችን ጤንነት የሚጠብቅና የሚጠይቅ ክፍል ለማለት ተፈልጎ የወጣው እንዲህ ነበር፤ «ከተሳታፊዎች ደህንነት ክትትል ክፍል ነው የምደውለው።» እኔም አዲስ ሠራተኛ ነኝና ቆሜ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ አነበብኩት።

የመጀመሪያዋ ዘጋችው። ሁለተኛዋ «ወንድሜ፣ መታወቂያዬ ታድሷል፤ ማዳም ጋ ነው ያለው» አለችኝ። ሦስተኛዋ «እሷ አገሯ ገብታለች» አለችኝ፤ ማንን እንደምፈልግ ገና አልተናገርኩም። አንዷማ ስልኩን ለግቢው አትክልተኛ አቀበለችው፤ ሰውዬውም እስክዘጋ ድረስ «ማፊ፣ ማፊ» ይለኝ ነበር።

እናንተ ቀድማችሁ ገብቷችሁ ይሆናል። እኔ ግን ጧቱን ሙሉ ሳነብ ውዬ፣ ነገሩ የገባኝ የቀድሞ የሆቴል ባልደረባዬ ከሰዓት በኋላ ሲደውልልኝ ነው።

«ስማ፣ ተጠንቀቅ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከደህንነት ነኝ፣ ክትትል ላይ ነኝ የሚል ሰው የሐበሻውን ሴት ሁሉ ስልክ እየደወለ ነው። የማታውቀው ቁጥር ከሆነ አታንሣ።»

«ምን ዓይነት ሰው ነው?»

«ወጣት ነው አሉ። ድምፁ ያዘነ ሰው ድምፅ ነው። እንዲያውም አንተን አንተን ይላል።»

ወረቀቱን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ወዲያ ስደውል የምለው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ «የእቴነሽ ወንድም ነኝ።» ፀጉር ቤት የሠራች ሴት የማታውቀው ሐበሻ የለም። ሁሉም አነሡ። ችግሩ ሁሉም ማልቀሳቸው ነው። ስለ ትኩሳታቸው ልጠይቅ ደውዬ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ተብዬ፣ ተመክሬ፣ ብላ ጠጣ ተብዬ እዘጋለሁ። ቤቴ ያልመጣልኝ ለቀስተኛ ቢሮ ድረስ መጣልኝ። ሲስተር ቢንዱ ሰዓቷን ታያለች። አንድ ስልክ ይህን ያህል የሚፈጀው ምን ብለውህ ነው ስትለኝ «ፋይን ናቸው» እላታለሁ። ምን ላድርግ፤ ደህና ነን ብለውኛል። ሰላምታ ነው ብዬ ያስተማርኩት እኔው፣ ሰላምታውን እየተቀበልኩ መልስ ነው ብዬ እጽፋለሁ።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ እትዬ የሺ ነበሩ። ከደብረ ማርቆስ ወገን ናቸው፤ ሲዳብ በሚባል የባሕር ዳር ሰፈር ውስጥ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች ብዙ በማይርቅ አንድ ቤት ወጥ ቤት ይሠራሉ። በዓይን አላውቃቸውም። እቴነሽ ለበዓል ሹሩባ ትሠራቸው ነበር፤ «ፀጉሬን ስታጎነጉን አታሳምምም፤ እጇ ጥጥ ነበር» ይሉኛል ሁልጊዜ። ስልኩን የሚያነሡት ወጥ ቤት ሆነው ነው፤ ከጀርባ ድስት ይንኳኳል።

«እትዬ፣ እንዴት ዋሉ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተ እንዴት ነህ የኔ ልጅ?»

«ደህና ነኝ። ትኩሳት ምናምን የለም?»

«የምን ትኩሳት። እኔ የምለው፣ ምሳ በልተሃል?»

በየቀኑ ይህ ነው። አንድ ቀን ግን ድምፃቸው ትንሽ ጎርነን ብሎ ነበር። ምን ሆነዋል ስላቸው ሙቀቱ ነው አሉኝ። ከዚያ ከወትሮው የተለየ ወሬ አመጡ።

«ይልቅ የዚህ ሳምንት ዓሣ ደግ ዓሣ ነው» አሉኝ። «እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ዓሣ ሳጸዳ ራሴን ያዞረኝ ነበር። አሁን ማፊ። አይሸትም። ልጄ፣ የሲዳብ ዓሣ መሽተት አቆመ።»

ሳቅሁ። እቴነሽ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቅሁ መሰለኝ። ዓሣው ንስሐ ገብቶ ይሆናል አልኳቸው፤ እሳቸውም ሳቁና ሳቁ ሳል ሆነባቸው። ደህና ብዬ ጻፍኩና ዘጋሁ።

የምሳ ሰዓት ነበር። ሲስተር ቢንዱ ከቤቷ ያመጣችውን ምሳ ትከፍታለች፤ የእሷ ምሳ መቼም የዓሣ ወጥ ነው። የኬራላ ሰው ስለ ዓሣ ቀልድ ይወዳል ብዬ የእትዬ የሺን ወሬ ነገርኳት፤ የሲዳብ ዓሣ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ መሽተት አቁሟል አልኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ድገመው» አለችኝ።

ወደደችው ብዬ ትንሽ ጨምሬበት ደገምኩት። የንስሐውንም አስገባሁ። አልሳቀችም። የምሳ ዕቃዋን አንሥታ አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ይህ ይሸትሃል?»

«ሲስተር፣ ይህ በጭምብልም ያልፋል።»

«ታዲያ ዓሣ መሽተት የሚያቆም ይመስልሃል?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ያቆመው ዓሣው አይደለም። እቴነሽም በመጨረሻ ሰሞን ሽሮ ሠርታ ቅመሙ ጠፍቶብኛል፣ ባለ ሱቁ አታለለኝ ብላ ነበር። ነገ ሄጄ እጣላልሻለሁ ብያት ነበር።

ሲስተር ቢንዱ ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። «እንዴት ነሽ ብለህ አትጠይቃት። ረጅም ነገር ሳታቋርጥ እንድታወራ አድርጋት፤ አንተ ትንፋሿን ስማ።»

ደወልኩ። ለረጅም ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«አሁን አልነገርኩህም?» አሉኝ እትዬ የሺ። «በአንድ ቀን ሁለቴ ደህና አልልም።»

ረጅም ነገር። ሰው ምን ብሎ ረጅም ነገር ያስወራል? ሲስተር ቢንዱ በእጇ ቀጥል ትለኛለች።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ» አልኩ። «የእቴነሽ ነገር ነው። ፍታት ላይ ብዙ ሰው አልነበረም። አንድ አቡነ ዘበሰማያት ቢሉላት።»

«አሁን?»

«አሁን። እኔም እንድሰማ።»

የድስቱ ድምፅ ቆመ። ክዳን ሲከደን ሰማሁ። ጀመሩ። አጭር ጸሎት ነው፤ ሕፃንም ባንድ ትንፋሽ ይለዋል። እሳቸው ገና ከመጀመሪያው ቆሙ፤ አየር ፈለጉ፤ ቀጠሉ። እንደገና ቆሙ። እያንዳንዱን ቃል ከጉድጓድ ውኃ እንደሚያወጣ ሰው ይስቡታል። ያን አሳሳብ አውቀዋለሁ። በመጋረጃው በዚያ በኩል ሰምቼዋለሁ።

«አሜን» አሉ በመጨረሻ። «ነፍሷን ይማር።»

«እትዬ፣ ስልኩን ለማዳም ይስጡልኝ።»

«ለምን ተብሎ?»

«ታመዋል።»

«ማን ነው የታመመው? ትንሽ ደከመኝ እንጂ ደህና ነኝ። ደግሞ ለማዳም ብትነግርብኝ ይፈሩኛል። ኻላስ፣ አገርሽ ግቢ ይሉኛል። ልጆቼን በዚህ እጄ ነው የማስተምረው። ተው የኔ ልጅ፣ ደህና ነኝ አልኩህ።»

«እቴነሽም ደህና ነኝ ነው ያለችው።»

ይህን ለማለት አላሰብኩም ነበር። ወጣ። ዘጉት ብዬ ነበር። ከዚያ የነጠላ ጫማ ድምፅ ሰማሁ፤ ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ ቀስ ይላል። በር ተንኳኳ።

ማዳም መጣች። የእኔ ዓረብኛ የወጥ ቤት ዓረብኛ ነው ብያችኋለሁ። ሳህን፣ ቢላ፣ ቶሎ በል፣ ከዚህ ያለፈ አላውቅም። በሰላምታ ልጀምር ብዬ እንዴት ነሽ አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ሳለችም።

ባልሽስ?

«አልሐምዱሊላህ።»

ልጆቹስ?

«አልሐምዱሊላህ።»

ከጀርባዋ ልጆቹም እየተቀባበሉ ይስላሉ። ወይ ጉድ አልኩ በልቤ፤ እነዚህም እንደ እኛው ናቸው። ቤቱ በሙሉ ፈጣሪውን እያመሰገነ ነው፣ ቤቱ በሙሉ ታሟል። ትኩሳት የሚለውን ቃል በዓረብኛ ብፈልግ፣ ብፈልግ ጠፋኝ። የማውቀውን ያዝኩ።

«ማዳም፣ ሰመክ። ሪሓ?» አልኳት። ዓሣው ሽታ አለው ወይ ማለቴ ነው።

ከጥናቱ ቢሮ ተደውሎ ስለ ዓሣ ስትጠየቅ ምን እንዳሰበች እንጃ። ግን መለሰች።

«ማፊ ሪሓ» አለች። ሽታ የለውም። ከዚያ በሌላ ድምፅ፣ ለራሷ እንደምትናገር «ማፊ ሪሓ» አለች እንደገና።

ሲስተር ቢንዱ ስልኩን ከእጄ ወስዳ በደህና ዓረብኛ ቀጠለች። እትዬ የሺ ከሁሉም ብሶባቸው ነበር። ማዳም አላባረረቻቸውም። መኪናዋን አስነሥታ፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍታ፣ ራሷ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። እኛ የሰማነው እዚያ ከተቀበላቸው ነርስ ነው። «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ…» አለ፤ ሌላውን አልጨረሰውም፣ እኛም ጨርስ አላልነውም።

ያን ዕለት ሲስተር ቢንዱ ምሳዋን አልበላችም። ወደ ማታ፣ ዕቃዋን እየሰበሰበች፣ «የኔም እናት» አለችኝ፣ «በስልክ ሁሌ ደህና ናት።» ከዚያ ስልኳን ይዛ ወደ ደረጃው ወጣች። ምን ምን እንዳበሰለች፣ ገበያ ማን እንደሄደላት እናቷን በቋንቋቸው ረጅም ጊዜ ስትጠይቃት ሰማሁ። ቋንቋውን አልችልም፤ ግን እንዲህ ያለውን ጥያቄ የምትጠይቅ መሰለኝ።

ከዚያ ወዲያ እኛም እንዴት ነሽ ማለት አቆምን። ዛሬ ምን ሠራሽ፣ ቡናው እንዴት ሸተተሽ፣ ልብሱን ሰገነት ድረስ ማን አወጣው እንላለን። ሴቶቹ ይህ ልጅ ወሬ አበዛ፣ ሐዘን አናወጠው አሉኝ። ይበሉ። ደህና ማለታቸውን አልተዉም፤ ከደህናው ጀርባ ያለውን ግን እያወሩ ይነግሩኛል። እትዬ የሺ የዋጡት እውነተኛው ክኒን ይሁን ማፊ፣ እቴነሽም የዋጠችው የትኛው እንደሆነ፣ ጥናቱ ሳያልቅ አይታወቅም። አንዳንዴ ባይታወቅም ይሻላል እላለሁ።

አንድ ቀን ቢሮ ሳልገባ፣ ቤቴ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ስልኬ ጠራ። እትዬ የሺ ናቸው። ከሆስፒታል ወጥተው ሲዳብ ገብተዋል።

«እንዴት ነህ የኔ ልጅ?» አሉኝ።

«ደህና ነኝ እትዬ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እሱን ተወውና፣ ትናንት ምን በላህ?»

ለማስታወስ ሞከርኩ። «እንጃ» አልኩ።

«የእቴነሽን አልጋ ምን አደረግኸው?»

መጋረጃውን አየሁት። «እንዳለ ነው።»

«አንሶላውን አጥበኸዋል?»

«አላጠብኩም።»

«ለምን?»

መጋረጃውን ገለጥኩት። ትራሷ ላይ ፀጉር ቤት የሚቀቡት ቅባት አለ፤ የእሷም ሽታ አለ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጠፋ ነው።

«ይሸታል» አልኩ። «እሷን ይሸታል።»

የእትዬ የሺን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ አሁን ረጅም ነው፣ አይቆራረጥም።

«እንግዲያው ገና አትጠበው» አሉ። «እኔ እስካሁን ዓሣው አልሸተተኝም። አንተ የሚሸትህ ካለ፣ ተወው ይሽተትህ።» ቀጠሉና ደግሞ፣ «አሁን እንደገና ልጠይቅህ። እንዴት ነህ?»

«ደህና አይደለሁም እትዬ።»

«ጎሽ» አሉኝ።

ስልኩን አልዘጉትም።